አንድ ጣሪያ፣ ሦስት የትኋን ተመን

በእኛ ሰፈር፣ በጉለሌ፣ ትኋን ያለበት ቤት የለም። ማንንም ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግራችኋል። አይጥ ሊኖር ይችላል፤ እህል ያለበት ቤት አይጥ አያጣም ተብሎ ይታለፋል። በረሮም ቢሆን ከቱቦ ነው የሚመጣው፣ ጥፋቱ የመንግሥት ነው። ትኋን ግን የሰነፍ ነው፣ የቆሻሻ ነው፣ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። እኔም ፀጉሬ እስኪሸብት ይህንኑ ሳምን ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ክንዴን እያከክሁ ነቃሁ። ቀያይ እብጠቶች በመስመር ተደርድረዋል።

ለባለቤቴ አሳየሁት።

«ቢምቢ ናት» አለ፣ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሣ።

«ቢምቢ ተሰልፋ ትነክሳለች?»

«እንግዲያው በርበሬ በዝቶብሻል። ቀነስ አድርጊ።»

እሱን ምንም አልነካውም። ወይም ነክቶት ቆዳው አልተቀየመም፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ሰው መሆኑን ከጋብቻችን ጀምሮ አውቃለሁ። በዚህ የተነሣ ነገሩን ለሳምንታት የእኔ አመል አድርጎ ቆጠረው። እኔም እንደ ሞኝ በርበሬ ቀነስኩ። አልጫ እየበላሁ አከክሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፍራሹን ገለበጥኩና በስፌቱ ላይ እንደ ቀለም የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ስፌቱን በጣቴ ገለጥ ሳደርገው አንዲት ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር ሳትቸኩል፣ ቤቱ የራሷ እንደሆነ ሁሉ፣ ወደ ጥላው ገባች። ባለቤቴን ጠራሁት።

«ይቺስ በርበሬ ናት?» አልኩት።

ፍራሹን መልሶ ገለበጠው። ያን ዕለት ማታ ግን ሶፋ ላይ ተኛ።

ቤቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ ቤቱ ነገሩ አይገባም። ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ አባታችን የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግድግዳው ተለስኖ በየጊዜው ቀለም ይቀባል። አባታችን ሲሞት ለሦስት ተካፈልነው። ታላቅ ወንድሜ ታላቅ በመሆኑ ብቻ ትልቁን ሳሎንና ወደ መንገዱ የሚያየውን ወገን ወሰደ፤ የቤቱ ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። እኔ መሐሉን ያዝኩ። ታናሽ እኅቴ የኋላውን። የሚለየን ግድግዳ ግራና ቀኙ ቺፑድ የተመታበት የእንጨት ማገር ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው። ከዚያ የውርስ ነገር ወዲህ ሰላምታችን ሁሉ ከአንገት በላይ ሆነ። በአንድ የግቢ በር እንገባለን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን የየራሳችንን በር ዘግተን እንጠፋለን። በቺፑዱ ውስጥ ወንድሜ ሲያስነጥስ እሰማለሁ፤ «ይማርህ» አልለውም።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ለጎረቤት፣ «አንዲት የማውቃት ሴት ቤት ትኋን ገብቶባት፣ ምን ይሻላታል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጎረቤቴም ቅንጣት ሳታፍር፣ «እኔም እንዲሁ የማውቃት ሴት ነበረች» ብላ ጀመረችልኝ። ከዚህ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ትኋን ያለባቸው ሴቶች ትኋን ስላለባቸው ሴቶች አወሩልኝ። አንዷ የአልጋውን መጋጠሚያ በላምባ ቀቢው አለች። ቀባሁት፤ ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ፈራ፣ ጥቅሙ ይኸው ብቻ ነው። ሌላዋ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍራሽ ሥር አንጥፊ አለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ቅጠል ገዛሁ። መኝታ ቤቴ ጉንፋን የያዘው ሰው ሲታጠንበት የዋለ ክፍል መሰለ። ትኋኖቹ ጉንፋን እንዳልያዛቸው እርግጠኛ ነኝ። ሦስተኛዋ ጠበል ረጭተሽ ጸልዪ አለችኝ። ጸሎቱን አልጠላሁም፤ ጠበሉ ግን ለትኋን የወረደ አልመሰለኝም።

እንግዲህ ባለሙያ ልጥራ አልኩ።

ባለሙያ ስል ግን በየዋህነት አልነበረም። ከወጣትነቴ ጀምሮ የምሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ የመኪና ጉዳት ገማቾች የሚጽፉትን መተየብ ነው። የተጋጨውን መኪና ትተው የባለመኪናውን ሰዓት የሚያዩ ገማቾች አውቃለሁ። ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ያላዩትን ሞተር «ከጥቅም ውጭ» የሚሉም አውቃለሁ። ስለዚህ ግምት የሚባለው ነገር ሲመጣብኝ ከሩቅ ይሸተኛል።

መጀመሪያ የደወልኩለት ሰው በስልክ ብቻ ጨረሰልኝ።

«ስንት ካሬ ነው?» አለኝ፣ ጤና ይስጥልኝ ሳይል።

«መኝታ ቤቱ ነው ሁሉም ክፍል?»

«ሁሉም። በካሬ ነው የምንሠራው። ቪላ ነው ኮንዶሚኒየም?»

«የጭቃ ቤት።»

«ጭቃ ጭማሪ አለው» አለ።

«ለምን?»

«ይመጣል እኮ።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱን። ጭቃው ይመጠዋል።»

«ቪላውስ አይመጥም?»

«ቪላ ሌላ ጭማሪ አለው» አለ። ዘጋሁት።

ሁለተኛው በአካል መጣ። በቴሌግራም ባስነገሩት ማስታወቂያ ላይ የጋዝ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ጭስ ውስጥ ቆመው ይታያሉ፤ ጦርነት የሚዘምቱ ነው የሚመስሉት። የመጣው ግን ክራቫት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ታብሌት የያዘ ወጣት ነበር። «የደንበኞች አማካሪ ነኝ» አለኝ። ሳሎን ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ማለት ይከብዳል፣ የወንበሩን ጠርዝ በቂጡ ነካ ነካ አደረገው።

«ቤቱ የግል ነው የኪራይ፣ እናቴ?»

«የተከራየ ሰው ትኋን በሌላ ዋጋ ነው የሚሞተው?»

«አይ፣ ለመረጃ ያህል ነው። ባለቤትዎ ምን ይሠራሉ?»

«ይተኛሉ።»

ሳቀ። «ውጭ አገር ያለ ልጅ አለዎት?»

በዚህ ጊዜ ነው የተነሣሁት። «ና» አልኩት፣ «መኝታ ቤቱን እይ፣ ተባዩ ያለው እዚያ ነው።» እስከ በሩ ተከተለኝ። ከደጃፉ አላለፈም። አንገቱን አስግጎ የአልጋ ልብሱን ተመለከተና ታብሌቱን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

«አሥራ ስምንት ሺህ ብር» አለ።

«ከምን ተነሥተህ ነው?»

«ከቤቱ ስፋት፣ ከተባዩ ዓይነትና ከወረራው መጠን።»

«ስፋቱን አልለካህም።»

«በዓይን ነው የምንወስደው።»

«ተባዩንም አላየህም። ፍራሹን ልገልብጥልህ?»

«አያስፈልግም!» አለ፣ እጁን ወደ ኋላው እየሸሸገ። «ልምድ አለን።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ኢንሹራንስ ነው የምሠራው። ግምት ስተይብ ነው ያረጀሁት» አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ታብሌቱን እንደገና ነካካ። «እ... ማለቴ፣ በዚህ ወር ቅናሽ አለን። አሥራ አራት ይሆንልዎታል።»

አንድ ጠብታ መድኃኒት ሳይረጭ አራት ሺህ ብር ዓይኔ እያየ ሞተ። ለተባዩም እንዲህ ፈጣን ቢሆኑ ኖሮ በከተማው ውስጥ አንድ ትኋን ባልቀረ።

አስቤ እደውላለሁ ብዬ ሸኘሁት። የግቢያችን ውሻ አመለኛ ናት፤ እኛን ራሳችንን ጃንጥላ ይዘን ከገባን ትጮህብናለች። ክራቫቱን ስታይ ግን ጅራቷን እየቆላች ቀረበችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን አከከላትና፣ «አሁንማ ለምዳኛለች» አለ።

«መቼ ነው የለመደችህ?» አልኩት።

ቀና አለ። «እ... ውሻ በጠቅላላው ይወደኛል፣ እናቴ» አለና የግቢውን በር ራሱ ከፍቶ ወጣ። የበራችን መቀርቀሪያ አስቸጋሪ ነው፤ ከፍ አድርጎ ወደ ግራ የሚጎትተው ሰው ቢያንስ ከዚህ ቀደም ከፍቶት የሚያውቅ ነው።

እዚያው ቆሜ ነገሩ መጣልኝ። በክረምቱ ወንድሜ ሚስቱን ይዞ ላንጋኖ ሄዶ ነበር። ዝናብ እንደዚያ ሲያወርደው ላንጋኖ ምን ያደርጋሉ ብለን ከእኅቴ ጋር እንኳ፣ በማንነጋገርበት ጊዜ፣ ተነጋግረንበታል። እነሱ በሌሉበት በቺፑዱ ስንጥቅ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ መጣ። ሲመለስ ስጠይቀው፣ «ቀለም አስቀብቼ ነው» አለ። እኔ ማከክ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አስረጭቶ ወደ እኔ ነድቶልኛል!

ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ወንድሜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመምሪያ ኃላፊነት ጡረታ ወጥቷል፤ ቤቱም ውስጥ መምሪያ ኃላፊ ነው።

«ጋሼ፣ ትኋን አስረጭተሃል እንዴ?» አልኩት።

ጋዜጣውን አላጠፈም። «እኔ ቤት? ትኋን?»

«አንተ ቤት።»

«አንቺ፣ ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እኔ ቤት ቀለም ነው የተቀባው።»

«የቱ ግድግዳ?»

በሩ ክፍት ስለነበረ ሁለታችንም ወደ ውስጥ አየን። ግድግዳው አባታችን በነበረ ጊዜ የተቀባው ነው፤ ማዕዘኑ ላይ የእርጥበቱ ካርታ እንኳ አልጠፋም።

«ኮርኒሱ» አለ።

«ትኋን ከመጣም» ብሎ ቀጠለ፣ ጋዜጣውን አሁን አጥፎ፣ «ባልሽ ክፍለ ሀገር ሲመላለስ ከየአልቤርጎው ይዞት የመጣ ነው የሚሆነው።» ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ከሄደ ዘመን የለውም። ወንድሜ ግን ከአገር የሚወጣ የውጭ ዜጋ ሲሸጠው የገዛው የቆዳ ሶፋ አለ፤ ጣሊያን ሥሪት ነው እያለ ለመጣ ሁሉ ያስነካል። እኔ የሶፋውን አነሣሁበት። እሱ የባሌን። ሁለታችንም ትኋኑን ረሳነው። ተሰዳድበን ተለያየን።

በማግስቱ ንዴቱ ሥራ አላስገባ ሲለኝ አስፈቅጄ በሚኒባስ ሽሮ ሜዳ ወደ እኅቴ ሱቅ ሄድኩ። እኅቴ የሐበሻ ልብስ ነው የምትሸጠው፤ ለሠርግ ከሸማኔ ታዛለች፣ ነጠላና ጋቢም ትይዛለች። ሱቋን ከሩቅ ሳየው ግራ ገባኝ። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። እሷ በዚያ ፀሐይ እጅጌው እስከ ጣቷ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች።

«ክንድሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ በእናትሽ ቀስ ብለሽ አውሪ!» አለች። ጎረቤቱን ሱቅ አየችና መጋረጃውን ጋረደች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። የኔ ክንድ ከእሷ ክንድ ጎን ንጹሕ ነው።

ለካ እሷም ወር አልፏታል። የሠርግ ልብሶቹን ቤቷ ታሳድር ስለነበረ፣ አንድ ትኋን በሙሽራ ቀሚስ ጥለት ላይ ቢገኝ ሱቁ አበቃለት ብላ ደንግጣ፣ ዕቃውን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ ጓደኛዋ ቤት አስቀምጣለች። ለጓደኛዋ የነገረቻት «ጣሪያዬ ያፈሳል» ብላ ነው። እና አማካሪም ጠርታለች።

«ክራቫት ያሰረ?» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። «በምን አወቅሽ?»

«ስንት አለሽ?»

«ዘጠኝ ሺህ። ባል የለኝም፣ ሱቁም የሰው ነው ብዬ አልቅሼበት። አንቺንስ?»

«አሥራ አራት። አሥራ ስምንት ብሎ ነበር።»

«ጋሼንስ?»

የጋሼን የነገረችን እኅቴ የደወለችላት የክራቫቱ ቢሮ ጸሐፊ ናት። እኅቴ እዚያው ስልኳን አንሥታ፣ ድምፅዋን አጣፍጣ፣ «ወንድማችንን በክረምቱ ሠርታችሁለት ነበር፣ በሱ ዋጋ ሥሩልኝ» አለቻት። ጸሐፊዋ ሳታቅማማ፣ «የሱ ሃያ ሁለት ሺህ ነው፣ እሱ ይሻልዎታል?» አለች።

ሳቅን። ያን ያህል አብረን ከሳቅን ስንት ዓመት እንደሆነን እንጃ። እኅቴ መጋረጃው ላይ ተንጠልጥላ ነው የሳቀችው። አንድ ጣሪያ ሥር ያለን የአንድ እናት ልጆች ነን፤ የሚበላን ያው አንድ ትኋን ነው፤ ልጁ ግን አንዳችንን በሶፋ፣ አንዳችንን በደሞዝ፣ አንዳችንን በእንባ መዝኖ ሦስት ዋጋ ሰጠን። እኛ ካልተነጋገርን ምን ይቸግረዋል? እያፈራረቀ እየረጨ ትኋኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያሻግር ጡረታ ይወጣበት ነበር።

መሥሪያ ቤቴ ያለ አንድ ሰው የዘመዱን ሆቴል የረጨች ሴት ስልክ ሰጠኝ። እሷ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ንቀት ይዛ መጣች። ጂንስ ሱሪና ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ማስቲካ ታኝካለች። ሰላምታዬን በግማሽ ጆሮ ሰማች። ለመምጫዋ ብቻ አስቀድማ አስከፈለችኝ፤ «ሠራንም አልሠራንም ይኸ የእኔ ነው» አለች። አነጋገሯ ደስ አላለኝም፣ እስከ ዛሬም ደስ አይለኝም። ግን ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ በባትሪ አልጋ ሥር ያየች እሷ ብቻ ናት። የሶኬቱን ክዳን ፈታች። የሥዕሉን ፍሬም ገለበጠች። ከዚያ ቺፑዱን አንኳኳችው።

«ከዚህ ወዲያ ማነው?»

«ወንድሜ።»

«ከዚያኛው ወዲያስ?»

«እኅቴ።»

ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች። «እንግዲያው ለእርስዎ ዋጋ የለኝም።»

«እንዴት የለሽም? ከፍዬሻለሁ እኮ።»

«ለሲሶ ቤት አልተምንም። ያሉት በግድግዳዎ ውስጥ ነው። እርስዎ ዘንድ ስረጭ ወደነሱ ይሄዳሉ፣ እነሱ ሲያስረጩ ወደ እርስዎ ይመለሳሉ። ሦስታችሁ ተስማሙና ጥሩኝ።»

«ለመስማማቱም ታስከፍያለሽ?» አልኳት።

«እሱን አልሠራም» አለች ማስቲካዋን እያኘከች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሴትዮዋም መጣች። ወንድሜ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ እንደ ዳኛ በመሐል ቆሞ ጀመረ። «የእኔ ቤት ንጹሕ ነው። ዋስትና አለኝ።» ዋስትናውን ከኪሱ አወጣና ሰጣት። ሴትዮዋ አነበበችው።

«ከአጎራባች ቤት የሚመጣ ተባይን አይመለከትም ይላል» አለች።

«እና?»

«አጎራባችዎ ማነው?»

ወንድሜ እኔንና እኅቴን አየን። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎራባቾቹ መሆናችን የከነከነው መሰለኝ።

ሴትዮዋ ፈቃድ ሳትጠብቅ ወደ ሳሎኑ ገባች። «ሶፋውን አትንኪ! ጣሊያን ሥሪት ነው!» እያለ ተከተላት። ሶፋውን አልነካችም። ቀጥታ ሄዳ በእኔና በእሱ መካከል ያለውን ቺፑድ ጠርዝ በመፍቻ ፈልቅቃ ባትሪዋን አበራችበት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። የምናየው እንጨት አልነበረም፤ እንጨቱን ሸፍነውታል፤ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ግድግዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለ። ሰውነቴ በሙሉ ነው ያሳከከኝ።

ወንድሜ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ግን ቀደመችው። ይቺ ሴት እኛ ግቢ ከገባች ጀምሮ ከእሱ ፊት ቃል ስትመልስ ሰምቻት አላውቅም።

«በቃ!» አለች። «እጄን ሳክክ የደም ግፊት ነው፣ አንገቴን ሳክክ ወርቁ ነው አልኸኝ። የአንገት ሐብሌን አስወለቅኸኝ እኮ! ሃያ ሁለት ሺህ ከፍለህ በዝናብ ላንጋኖ ወስደህ አበረድከኝ። አሁን እዚህ ሰው ፊት ኮርኒስ የምትል ከሆነ ዛሬውኑ እናቴ ቤት ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ንጽሕና የተናገረ የለም።

ሴትዮዋ ለጠቅላላው ቤት ሠላሳ ሁለት ሺህ አለች፤ ሁለት ዙር ይረጫል፣ ቺፑዱ ተነቅሎ ይቃጠላል። ክራቫቱ ለሦስታችን ከተመነው ድምር በጣም ያነሰ ነበር። አሁን የቀረው ማን ስንት ይክፈል ነው። ወንድሜ ቶሎ ብሎ፣ «እኩል ነው የሚሆነው፣ ወንድምና እኅት አይደለን?» አለ። ወንድምነቱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

እኅቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጋሼ፣ ቤቱን ስንካፈል እኩል ነበር?»

«ያ ሌላ ነው። ያ በታላቅነት ነው።»

«ይኼ ደግሞ በካሬ ነው» አለች። «የቤቱ ግማሽ ያንተ ነው። ግማሽ ቤት፣ ግማሽ ትኋን።»

በክረምቱ የከፈልኩት ይቀነስልኝ ብሎ ተከራከረ። የከፈልከው ትኋኑን ወደኛ ለማጓጓዝ ነው፣ እንዲያውም የማራገፊያ አስከፍልሃለሁ አልኩት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። ሚስቱ ሻንጣ የምታወርድ አስመስላ ወደ ጓዳ ገባች። ግማሹን ከፈለ።

የሚረጭበት ዕለት ዕቃችን ሁሉ ግቢ ወጣ። ልብሱ በፈላ ውሃ ታጠበ፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ የጣሊያኑ ሶፋ ሆዱ ተቀዶ ተገልብጦ ተጋደመ። የግቢው በር ክፍት ስለነበረ አላፊ አግዳሚው አንገቱን ያስገባል። «ቀለም ልታስቀቡ ነው?» አለ አንድ የእድር ሰው። ወንድሜ፣ «አዎ፣ ቀለም» ሲል፣ እኅቴ ከወዲያ ሆና ባልዲ እንደያዘች፣ «ትኋን ነው!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ሳል ሳል አለና ሄደ። በዚያው ሳምንት ግን እርስ በርስ እየተደባበቁ የሴትዮዋን ስልክ የጠየቁኝ ጎረቤቶች ብዛት! ሁሉም ለሚያውቋት ሴት ነበር።

ቺፑዱ ተነቅሎ ተቃጠለ። በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል ባለው ጊዜ ያለ ግድግዳ ኖርን። ከአልጋዬ ሆኜ የወንድሜን ሳሎን አልፌ መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ታክሲ አያለሁ። እኅቴ ስታጥብ የምታንጎራጉረውን ዘፈን ሰማሁ፤ ግጥሙን ሁሉ ነው የምታበላሸው። ባለቤቴና ወንድሜ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ኳስ አዩ፤ አንዱ ለሌላው ሳይናገር፣ አብረው ግን «ኧረ!» እያሉ። ወጥ የሠራ ሰው ሽታውን መደበቅ ስላልቻለ ለሁሉም ያወጣ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ለማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ወንድሜ በየማለዳው ጉሮሮውን ሲጠራርግ ነው የምነቃው። ደስ ብሎኝ ግን ነበር።

ሁለተኛው ዙር አለቀ። ሴትዮዋ ፈትሻ፣ «የለም» ብላ፣ ቀሪ ሒሳቧን ተቀብላ፣ ቻው እንኳ ሳትል ሄደች። ከዚያ ወዲህ የነከሰኝ የለም። እኅቴ ልብሶቿን ወደ ሱቅ መለሰች፤ ጓደኛዋንም ጣሪያዬ ተጠገነ ብላ አመሰገነቻት። ወንድሜ ብዙም ሳይቆይ ብሎኬት አስጫነና ግድግዳውን አስገነባ። ብሎኬቱን ሲያስደረድር ወደ እኔ ክፍል አንድ ስንዝር ገባ። «ለጥንካሬ ነው» አለ። ተከራከርኩት፤ ስንዝሩ ግን እዚያው አለ።

በጥምቀት ሰሞን የአጎታችን ልጅ ሠርግ ነበር። ወንድሜ ዘመድ መሐል ተቀምጦ፣ ድምፁን ሞላ አድርጎ፣ ተባይን በተመለከተ ሰው እንዴት በየቤቱ ለየብቻው እየተታለለ እንደሆነ ሲያስረዳ ደረስኩ። «እኔ ግን ሁሉንም ሰበሰብኳቸው» ይላል። «ኑ፣ አንድ ቤት ነን፣ በጋራ እናስተምን አልኳቸው። በመጀመሪያ አልተዋጠላቸውም።» ዘመዶቻችን አንገታቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ። አንዷ አክስታችን፣ «ታላቅ የሌለው ቤት ምን ይሆናል!» አለች።

እኅቴ ከማዶ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ልናገር ወይ ማለቷ ነው። ተዪ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁባት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ሐብሌዋን አድርጋለች፣ እንጀራዋን ትቆርሳለች። እሱ ወሬውን ሲጨርስ ቀና ብላ ሳታየው፣ «የላንጋኖውንም ንገራቸው» አለችው።